ራስን ነፃ የሚያወጡ መጻሕፍት በሳይንስ ሚዛን

በመጻሕፍት መደብሮች መደርደሪያም ሆነ በአዟሪዎች እጅ ላይ ዘወትር ከማይጠፉት ኅትመቶች አንዱ በተለምዶ «የሳይኮሎጂ መጽሐፍ» እየተባለ የሚጠራው ነው። ብዙዎቹ ከውጭ ቋንቋ የተተረጎሙ ሲሆኑ ስለ ስኬት፣ ስለ ሀብት፣ ስለ ትዳርና ስለ በራስ መተማመን ይመክራሉ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ወገን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። እርሱም «የሌላ ሰው ሕይወት አትኑር፤ ራስህን ሁን፤ ነፃነትህ በእጅህ ነው» የሚለው ነው። ይህ መልእክት የትምህርት መስክ፣ የሥራ ዘርፍና የትዳር ጓደኛ በሚመረጥበት ዕድሜ ላይ ለሚገኝ ወጣት ልብ የሚነካ ነው። ያነበበውን አምኖ ትምህርቱን የሚያቋርጥ፣ ከቤተሰቡ የሚቆራረጥ ወይም ምክሩ ሳይሠራለት ሲቀር «ጥፋቱ የእኔው ነው» ብሎ የሚቆዝም አንባቢ ሊኖር ስለሚችል ነገሩ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

መጽሐፉ በአንድ የሳይንስ ዘርፍ ስም ስለተጠራ ብቻ ይዘቱ በሳይንስ የተፈተነ ነው ማለት አይቻልም። ሳይንስ አንድን አባባል የሚቀበለው ለጆሮ ስለ ጣፈጠ ሳይሆን ተፈትኖ ስለ ጸና ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ሁለት ጥያቄዎችን እናነሳለን። አንደኛ፣ እነዚህ መጻሕፍት ስለ ነፃነት ከሚሉት ውስጥ የትኛው ከሥነ ልቦና ምርምር ውጤት ጋር ይስማማል? ሁለተኛ፣ «አንብቤው ተለወጥሁ» የሚለው የአንባቢ ምስክርነት ምን ያህል ይታመናል?

ከትጋት ወደ ነፃነት

ለዚህ ዓይነቱ ጽሑፍ ስሙን ያወረሰው ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ «ራስን መርዳት» የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1859 ነበር። ቻርልስ ዳርዊን ስለ ዝርያዎች አመጣጥ የጻፈው መጽሐፍም የወጣው በዚያው ዓመት ነው። ስማይልስ መሐንዲሶችንና የፈጠራ ሰዎችን በምሳሌነት እየጠቀሰ ትጋትን፣ ቁጠባንና ጽናትን ያስተምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1936 አሜሪካዊው ዴል ካርኔጊ ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፍ ደግሞ ትኩረቱ ወዳጅ ወደ ማፍራትና በሰው ዘንድ ተሰሚነትን ወደ ማግኘት አዘነበለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ሦስተኛ ዓይነት ምክር ጎልቶ ወጣ። ጥያቄው «እንዴት ልትጋ?» ወይም «እንዴት ልወደድ?» መሆኑ ቀርቶ «እንዴት ነፃ ልውጣ?» ሆነ።

የዚህ ዘመን ጥሩ ማሳያ ሃሪ ብራውን እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው «ነፃ ባልሆነ ዓለም ውስጥ ነፃነትን እንዴት አገኘሁ» የሚለው መጽሐፍ ነው። ብራውን የኢንቨስትመንት አማካሪና ጸሐፊ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ2000 የአሜሪካ ሊበርታሪያን ፓርቲ ዕጩ ሆኖ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሯል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕይወቱ አልፏል። በመጽሐፉ ውስጥ ሰውን አስረው የሚይዙትን አስተሳሰቦች «ወጥመድ» ብሎ ይጠራቸዋል። ሌሎች የሚፈልጉትን ዓይነት ሰው ለመሆን መሞከር አንዱ ወጥመድ ነው። ቀደም ሲል የደከሙበትን ነገር መተው አለመቻል ሌላው ወጥመድ ነው። ውጤትን ከቡድን መጠበቅም እንዲሁ። ብራውን ሳይንቲስት አልነበረም፤ ሙከራም አላካሄደም። ነገር ግን ካነሣቸው ሐሳቦች ሦስቱን ወስደን በቤተ ሙከራና በመስክ ከተገኙ ውጤቶች ጎን ማቆም እንችላለን።

የመጀመሪያው ሐሳብ፦ በራስ እጅ ያለውን መምረጥ

ብራውን የሰውን አማራጮች በሁለት ይከፍላቸዋል። ቀጥተኛ አማራጭ የሚባለው እኛው ራሳችን በምንወስደው እርምጃ ብቻ የሚፈጸመው ነው። ቀጥተኛ ያልሆነው ግን ሌሎች ሰዎች እንዲለወጡ የሚጠይቅ ነው። በዶርም ጫጫታ ማጥናት ያቃተውን ተማሪ እናስብ። ጓደኞቹን ሁሉ ጸጥተኛ ለማድረግ ሲከራከር ሊያመሽ ይችላል፤ ወይም ደብተሩን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሊሄድ ይችላል። ብራውን ሁለተኛውን ይመክራል።

ይህ ሐሳብ በምርምር በኩል ዘመዶች አሉት። ጁሊያን ሮተር እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው ጥናት ሰዎች በሕይወታቸው ለሚደርሰው ነገር ምንጩን የራሳቸው ድርጊት ወይም ዕድልና ሌላ ኃይል አድርገው በማየት እንደሚለያዩ አመልክቷል፤ ይህንንም የሚለካ መጠይቅ አዘጋጅቷል። ከ10 ዓመት በኋላ ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሙከራ አካሄዱ። ለአንዱ ፎቅ ነዋሪዎች ስለ ራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው እንደሚወስኑ ተነገራቸው፤ የሚንከባከቡት ተክልም መርጠው እንዲወስዱ ተደረገ። ለሌላው ፎቅ ነዋሪዎች ግን ሠራተኞቹ ሁሉን እንደሚያደርጉላቸው ተነገራቸው፤ ተክሉም ተሰጣቸው፤ የሚያጠጡትም ሠራተኞቹ ነበሩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹ የበለጠ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ።

እዚህ ላይ የሳይንስ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው ተከታይ ጥናት ከ18 ወራት በኋላ ከመጀመሪያው ቡድን 47 ሰዎች 7ቱ፣ ከሁለተኛው ቡድን 44 ሰዎች ደግሞ 13ቱ በሞት መለየታቸው ተገለጸ። ይህ አኃዝ «መምረጥ ዕድሜ ያስረዝማል» እየተባለ በብዙ መጻሕፍት ተደጋግሟል። ነገር ግን በስታቲስቲክስ ስሌቱ ላይ ስሕተት ተገኝቶ በቀጣዩ ዓመት እርማት ታትሟል፤ እርማቱ የሞት ቁጥሩ ልዩነት በአጋጣሚ ሊከሰት ከሚችለው ያን ያህል የራቀ አለመሆኑን የሚያሳይ ነበር። አኃዙን የሚያነሡት መጻሕፍት እርማቱን እምብዛም አያነሡትም።

ሌላው ታዋቂ ሙከራ የማርቲን ሴሊግማንና የስቲቨን ማየር ነው። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት ጥናት ሊያመልጡት የማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት የደረሰባቸው ውሾች፣ በኋላ ማምለጥ በሚቻልበት ሳጥን ውስጥ ሲገቡ አብዛኞቹ ለማምለጥ እንዳልሞከሩ አሳዩ። የንዝረቱ መጠን እኩል ሆኖ ማቆም ይችሉ የነበሩት ውሾች ግን አመለጡ። ለረጅም ጊዜ ይህ «የተማሩት አቅመ ቢስነት» ተብሎ ተተረጎመ። ሁለቱ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ግን በአንጎል ላይ የተደረጉ ምርምሮችን ገምግመው ትርጉሙን ገለበጡት። ረጅም መከራ ሲደርስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ሳይማሩት የሚመጣ የአንጎል ምላሽ ነው፤ የሚማሩት ነገር ቢኖር «መቆጣጠር እችላለሁ» የሚለውን ነው። ይህንንም የሚያከናውነው በግንባር በኩል የሚገኘው የአንጎል ክፍል ነው።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመቆጣጠር ስሜት የሚገነባው በቃል ምክር ሳይሆን እውነተኛ ውጤት ባስገኘ ድርጊት ነው። ውሾቹን የረዳቸው «ትችላላችሁ» መባላቸው ሳይሆን ንዝረቱ በእነርሱ ድርጊት መቆሙ ነው። ሁለተኛ፣ ሳጥኑ በእርግጥ የተዘጋ ከሆነ ጥፋቱ የውሻው አይደለም። ድህነት፣ ሕመምና የሥራ እጥረት በመጽሐፍ ምክር ብቻ የሚከፈቱ በሮች አይደሉም። ይህን የሚዘነጋ መጽሐፍ ለችግረኛው በችግሩ ላይ ጸጸት ይጨምርበታል።

ሁለተኛው ሐሳብ፦ የፈሰሰ ውኃ

ሁለተኛው የብራውን ሐሳብ ቀደም ሲል ስለ ደከምንበት ብቻ በማይጠቅም ነገር ላይ መቆየት ወጥመድ ነው የሚል ነው። ይህ በምርምር በደንብ የተደገፈ ነው። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር የዓመት ትኬት ሊገዙ ከመጡ ሰዎች ለአንዳንዶቹ ሙሉውን 15 ዶላር አስከፈሉ፤ ለሌሎች በዕጣ የ2 ወይም የ7 ዶላር ቅናሽ ሰጡ። በዓመቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሙሉውን የከፈሉት ከሌሎቹ ይልቅ ብዙ ትርዒት ተመለከቱ። ትርዒቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ ገንዘቡም አንዴ ወጥቷል። የተለየው የከፈሉት መጠን ብቻ ነው። ማለትም ተመልሶ የማይገኝ ወጪ የወደፊቱን ውሳኔ ገዛው።

ይሁንና ይህን እውነት በጥድፊያ የሚጠቀምበት ሰው ተቃራኒ ስሕተት ይሠራል። ሦስት ዓመት የተማረበትን ትምህርት የማይወደው ተማሪ «ሦስት ዓመቴን እንዴት እጥላለሁ?» ብሎ ቢቀጥል ሒሳቡ የተሳሳተ ነው። «ያለፈው አልፏል» ብሎ ወዲያው ቢያቋርጥም ሒሳቡ ገና አላለቀም። ትክክለኛው ጥያቄ ስለ ወደፊቱ ብቻ ነው፦ የቀረው አንድ ዓመት ምን ያስከፍላል? ዲግሪውስ ምን ያስገኛል? በምትኩ የሚጀመረው ነገር ምን ያስከፍላል? ምንስ ያስገኛል? ብዙ ጊዜ መልሱ «ጨርሰህ ሂድ» ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መጨረሱ ወጥመድ ሳይሆን ምርጫ ነው።

ሦስተኛው ሐሳብ፦ ከሰው መለየት ነፃነት ነውን?

ከምርምር ጋር ይበልጥ የሚጋጨው ሦስተኛው ሐሳብ ነው። ብራውን ጥረትን፣ ኃላፊነትንና ውጤትን ከሌሎች ጋር በመጋራት የበለጠ አገኛለሁ ብሎ ማመንን ከወጥመዶቹ ይቆጥረዋል። ሌሎችም የዚህ ዘርፍ መጻሕፍት ነፃ ሰውን ከማንም የማይጠብቅና ለማንም የማያዳላ ብቸኛ አድርገው ይስሉታል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን በ1980ዎቹ ያዳበሩት የሥነ ልቦና ንድፈ ሐሳብ የሰው ልጅ ሦስት መሠረታዊ የሥነ ልቦና ፍላጎቶች አሉት ይላል፤ እነርሱም ራስን በራስ መምራት፣ ብቃትና ከሌሎች ጋር መተሳሰር ናቸው። በዚህ አገላለጽ ራስን በራስ መምራት ማለት ከሰው መለየት ማለት አይደለም፤ የሚያደርጉትን አምነውበት ማድረግ ነው። ተቃራኒው መገደድ ነው እንጂ መደገፍ አይደለም። ቫለሪ ቺርኮቭና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት ይህን በደቡብ ኮሪያ፣ በሩሲያ፣ በቱርክና በአሜሪካ ፈትሸዋል። ተሳታፊዎቹ የተለያዩ ባህላዊ ልማዶችን ለምን እንደሚፈጽሙ ተጠየቁ። ልማዱ ግለኝነትን የሚያጎላም ሆነ የጋራ ኑሮን የሚያጎላ፣ አምነውበት የሚፈጽሙት ሰዎች የተሻለ ደኅንነት እንደሚሰማቸው በአራቱም አገሮች ታየ።

ይህ ውጤት ለእኛ አገር አንባቢ ትልቅ ትርጉም አለው። ክረምት ላይ ወደ ገጠር ተመልሶ ቤተሰቡን በእርሻ የሚያግዝ ተማሪ አባቱን ፈርቶ የሚያደርገው ከሆነ በእርግጥ ተገዷል። ያሳደጉትን ማገዝ ተገቢ ነው ብሎ አምኖ ከሆነ ግን ያው ሥራ፣ ያው ሞፈርና ቀንበር የነፃ ሰው ሥራ ነው። «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» የሚለው የአበው አባባል ከነፃነት ጋር የሚጣላ አይደለም።

«ራስን መሆን» የሚለውም ቢሆን ቀላል አይደለም። ዊልያም ፍሊሰንና ጆሹዋ ዊልት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች «አሁን እውነተኛው እኔ ነኝ» የሚል ስሜት የሚሰማቸው ከተፈጥሮ ጠባያቸው ጋር የሚስማማ ነገር ሲያደርጉ ብቻ እንዳልሆነ ተገንዝበዋል። ዝምተኛ የሚባሉት ሰዎች ተጫዋች በሆኑበት ሰዓት የበለጠ ራሳቸውን እንደሆኑ ተሰምቷቸዋል። ስለዚህ እውነተኛ ማንነት ከውስጥ ተቆፍሮ እንደሚወጣ ማዕድን ብቻ ሳይሆን በተግባር እየተሠራ እንደሚሄድ ነገርም ሊታይ ይገባዋል።

«አንብቤው ተለወጥሁ» ሲባል

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። አንባቢው የሚሰማው ለውጥ እውነት ለመሆኑ ምን ማረጋገጫ አለ? ምርምር ቢያንስ አራት ማታለያዎችን ያሳየናል።

አንደኛው «መጽሐፉ ስለ እኔ ነው የጻፈው» የሚለው ስሜት ነው። በርትራም ፎረር እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው ሙከራ ለ39 ተማሪዎች የማንነት ፈተና ከሰጠ በኋላ ለእያንዳንዳቸው «የግልህ ውጤት» ብሎ ጽሑፍ አደላቸው። ተማሪዎቹ ትክክለኛነቱን ከ5 በአማካይ 4.26 ሰጡት። ጽሑፉ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር። «ሌሎች እንዲወዱህና እንዲያደንቁህ በእጅጉ ትፈልጋለህ» የሚል ዓረፍተ ነገር የማይመለከተው ሰው ማን አለ?

ሁለተኛው የስያሜ ኃይል ነው። አንቶኒ ግሪንዋልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1991 በጆሮ የማይለይ ድብቅ መልእክት አላቸው ተብለው የሚሸጡ ካሴቶችን መረመሩ። አንዳንዶቹ ትውስታን፣ ሌሎቹ ለራስ የሚሰጥን ግምት ያሻሽላሉ ይባልላቸው ነበር። ተመራማሪዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ ስያሜውን አቀያየሩት። ካሴቱ በተባለለት ረገድ የተለየ ለውጥ አላመጣም፤ ከተሳታፊዎቹ ከሲሶ በላይ የሆኑት ግን በስያሜው ላይ የተጻፈው ነገር እንደተሻሻለላቸው አመኑ።

ሦስተኛው የትዝታ ክለሳ ነው፤ ይህ በተለይ ተማሪዎችን ይመለከታል። ማይክል ኮንዌይና ማይክል ሮስ እ.ኤ.አ. በ1984 የጥናት ዘዴ ማሻሻያ ሥልጠና የወሰዱ ተማሪዎችን ተራ ከሚጠብቁ ጋር አነጻጸሩ። ሥልጠናው ውጤታቸውን አላሻሻለም። ይሁንና የሠለጠኑት ከሥልጠናው በፊት ስለነበራቸው ችሎታ ሲጠየቁ፣ ያን ጊዜ ራሳቸው ከሞሉት ዝቅ አድርገው አስታወሱት። ዛሬን ከፍ ማድረግ ሲያቅታቸው ትናንትን ዝቅ አደረጉት ማለት ነው።

አራተኛው የጊዜ ሥራ ነው። ሰው ምክር የሚፈልገው ብዙውን ጊዜ በጨነቀው ሰዓት ነው። ክፉ ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፍ ቢነበብም ባይነበብም ያልፋል። በሳምንት ውስጥ በራሱ የሚድነውን ጉንፋን በስድስተኛው ቀን የጠጣነው ሻይ አዳነው እንደማለት ነው። በዚህ ላይ ሥራውን ጥሎ የተሳካለት ሰው መጽሐፍ ይጽፋል፤ ጥሎ የከሰረው ግን አይጽፍም። መደርደሪያው ላይ የምናገኘው የአሸናፊዎቹን ድምፅ ብቻ ነው። ሳይንስ ንጽጽር ቡድን የሚያስፈልገው በእነዚህ ምክንያቶች ነው።

ታዲያ ጥቅም የላቸውምን?

እንዲህ ስንል መጽሐፍ ሰውን አይረዳም ማለታችን አይደለም። ክሪስቲን ጃሚሰንና ፎረስት ስኮጊን እ.ኤ.አ. በ1995 ድባቴ ያለባቸውን 80 ሰዎች በሁለት ከፍለው ለአንዱ ወገን የሐኪሙን የዴቪድ በርንስን መጽሐፍ እንዲያነቡ ሰጡ፤ ሌላው ወገን ተራውን እንዲጠብቅ አደረጉ። ከአራት ሳምንት በኋላ ያነበቡት ጉልህ መሻሻል አሳዩ። ነገር ግን ያ መጽሐፍ በምርምር በተደገፈ የሕክምና ዘዴ ላይ የተመሠረተና በወረቀት የሚሠራ መልመጃ ያለው ነው። ከበድ ያለ ድባቴ ያለበት ሰው ደግሞ ከመጽሐፍ በፊት ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል።

በአንጻሩ መልካም የሚመስል ምክር እንኳ ሳይፈተን ሊጎዳ ይችላል። ማኑኤል ባሬራና ጄራልድ ሮዘን እባብን በእጅጉ ለሚፈሩ ሰዎች በቤት የሚሠራ መመሪያ አዘጋጅተው ነበር፤ ከተቀበሉት ግማሽ ያህሉ ጨረሱት። መመሪያውን ለማሻሻል ሲሉ አንባቢው ለራሱ የሚገባውን ውልና ሽልማት ጨመሩበት። እ.ኤ.አ. በ1977 እንደ ዘገቡት የተሻሻለውን መመሪያ እስከ መጨረሻው የፈጸመ አንድም ሰው አልነበረም። ባለሙያዎቹ ራሳቸው ባይፈትሹት ኖሮ «የተሻሻለው ዕትም» በሚል ለገበያ ይቀርብ ነበር።

እንዴት እናንብብ?

ለአንባቢያን አራት ጥያቄዎችን እንጠቁማለን። ጸሐፊው ላቀረበው አባባል ያቀረበው ማስረጃ የአንድ ሰው ታሪክ ነው ወይስ ንጽጽር ያለው ጥናት? ምክሩ ባይሠራ ጥፋቱን አስቀድሞ በአንባቢው ላይ ይጥላልን? እንዲህ ከሆነ ሊፈተን የማይችል አባባል ነው። ምክሩ የተጻፈው የአንባቢው ዓይነት ኑሮ ላለው ሰው ነውን? ለውሳኔው የሚከፈለውን ዋጋስ ማን ይከፍላል?

ከዚያም ራስን እንደ ቤተ ሙከራ መቁጠር ይቻላል። መጽሐፉን ከመጀመራችን በፊት መለወጥ የምንፈልገውን አንድ ነገር በቁጥር እንጻፍ፤ ለምሳሌ በሳምንት የምናጠናውን ሰዓት። ወረቀቱን አስቀምጠን ከወር በኋላ በትዝታችን ሳይሆን በወረቀቱ እናመሳክር። ምክሩንም «የበለጠ አጠናለሁ» ብሎ ከመተው ይልቅ ከጊዜና ከቦታ ጋር እናስረው፦ «ሰኞና ረቡዕ ራት እንደበላሁ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ»። ፒተር ጎልዊትዘርና ፓስካል ሺራን እ.ኤ.አ. በ2006 የ94 ሙከራዎችን ውጤት አጠቃልለው እንዲህ ያለ ዕቅድ ግብን ለማሳካት እንደሚረዳ አሳይተዋል።

ነፃነትን የሚሰብክ መጽሐፍ ያነበበ ሰው የመጀመሪያውን ነፃነት ሊሞክርበት የሚገባው በዚያው በመጽሐፉ ላይ ነው። የሌላውን ሰው ሕይወት ላለመኖር የወሰነ አንባቢ የጸሐፊውንም ሕይወት መኖር አይጠበቅበትም። ከመጽሐፉ የጠቀመውን ወስዶ፣ ያልተፈተነውን ፈትኖ፣ ያልጸናውን መተው ይችላል። ይህን ማድረግ የቻለ ተማሪ ስለ ነፃነት ማንበብ ብቻ ሳይሆን በእርሱ መሥራት ጀምሯል ማለት ነው።